ላብራቶሪ ያየው ልጅ

ጦርነቱ ይመለሳል በሚባልበት ሰሞን፣ ልጄን አዲስ አበባ ልኬ ላስተምር ትኬት ልቆርጥ ከመርሳ ወደ ወልድያ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ፣ አጠገባቸው ስለ ልጇ አውርታ ስልኳን የዘጋችውን ሴት አናገሯት።

«ልጅሽ የት ደረሳት ነው ያልሽው?»

«እዚያ እየመረጠ የሚቀበለው የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ አባባ።»

«እሰይ! የት ተምራ?»

«እዚሁ መርሳ። ዴስኩ ሁሉ ተማግዶ፣ መሬት ተቀምጣ ነው የተማረችው። ጦርነት ባለበት ለተማረ የመግቢያ ነጥቡን ቀነስ አድርገውለታል።»

«የኔው ልጅ በሁለት ነጥብ ወደቀ።»

«አንቱስ ከወዴት ነዎት?»

«ከግራና።»

«ታዲያ ለእሱም ይቀነስለታላ!»

«የለም። ተኩሱ ሲቃረብ፣ እንዳይሞትብኝ ብዬ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ሰደድሁት። እዚያው ተማረ፣ እዚያው ተፈተነ። አሁን የአዲስ አበባ ተማሪ ነህ አሉት።»

ሴትዮዋ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አይዞዎት አባባ። የኔዋም ብትሆን ላብራቶሪ በዓይኗ አይታ አታውቅም። እንዴት እንደምትዘልቀው እንጃ።»

«የኔው አይቶታል» አሉ፣ ሲሪንቃን ስናልፍ። «እሱስ አይቶታል።»

ወልድያ መናኸሪያ ስንደርስ፣ የትኬቱን ብር እንደጨበጥኩ ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም።