ጫማ አውልቃ የምታናግራት እናት

በዐረብ አገር ስደት ላይ፣ ማዮ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ጎረቤቴ ዘይነባ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ የሆነች የወሎ ልጅ፣ ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ አሮጌ ሞባይል ገዛች። ባትሪው ስለማይዝ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ነው የምታወራበት። አንድ ቀን ጣቶቿን እያሻሸች መጣች። «እትዬ፣ ሌላ ሰው ሲደውል ደህና ነኝ። እናቴ ስትደውል ብቻ ጣቶቼን ይወረኛል። ወላሂ፣ እናቴ ታማ ቤተሰቦቼ ደብቀውኛል!»

እኔ ደግሞ ዓይኔ አያርፍም፤ በማግስቱ እናቷ ስትደውል በር ላይ ቆሜ አየኋት። ለእናቷ አክብሮት ብላ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ለሙቀቱ ውሃ በረጨችው መሬት ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች! «አንቺ ሞኝ፣ ኮረንቲ እኮ ነው! ጫማሽን አድርጊ፤ ባትሪውንም አስቀይሪ» አልኳት። «እናቴን በጫማ ላናግራት?» ብላ ተቆጣችኝ። እየተነጫነጨችም ቢሆን ያልኳትን አደረገች፤ መውረሩም ተዋት። እኔም ሰፈሩን ዞሬ «ዘይነባን የፈወስኳት እኔ ነኝ» ብዬ አወራሁ።

ከሳምንት በኋላ እሷ ቤት ተቀምጠን ስልኩ ጮኸ፤ የእናቷ ቁጥር ነው። ገና ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ ወረረኝ» አለች። እግሯን አየሁ፤ ጫማ አድርጋለች። መሬቱ ደረቅ ነው። ቻርጀሩ ተነቅሎ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔንም ሰውነቴን ሲወረኝ፣ ከስልኩ ውስጥ የወንድሟ ድምፅ ተሰማኝ።

«ዘይነባ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?»