በድግስ ያለቀው ድልድይና አቶ ጌጡ ፈንታሁን

አባቶቼ ካህናት፣ የመንደራችን ሰዎች፣ ከደብረ ታቦርም ጉንጉን አበባ ይዛችሁ መጥታችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ሹማምንት፤ እኔ የሟቹ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ማስተዋል ፈንታሁን ነኝ። ከመሥሪያ ቤታቸው ተዘጋጅቶ የተላከልኝን ዜና ሕይወት አላነበውም፤ እዚያ ላይ የተመሰገኑትን ሰው አላውቃቸውምና። የማነበው እኔ ራሴ የጻፍሁትን ነው።

አቶ ጌጡ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታሁን ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ እመቤቴ አዳነ፣ ከይፋግ ወጣ ብላ በምትገኘው በዚህችው መንደር በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተልከው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛም ተመርቀው በ1975 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጠሩ። ጥሩ መምህር እንደነበሩ አልክድም፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈሰውን የክፍላቸውን ጣሪያ ራሳቸው ወጥተው ይደፍኑ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘነበች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሠናይትንና ፋሲካን ወልደዋል።

ከዚያ ሹመት መጣ። አቶ ጌጡ የወረዳ አስተዳዳሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ጣሪያ ላይ የወጡት ፎቶግራፍ አንሺ ሲኖር ብቻ ነው። በግምገማ ላይ ድክመትዎን ይናገሩ ሲባሉ፣ ለሕዝብ ሲሉ እንቅልፍ ማጣታቸውን እንደ ድክመት ቆጥረው እንባ አውጥተው ያለቅሱ እንደነበር ከፊት የተቀመጣችሁት ታውቃላችሁ፤ እናንተም በተራችሁ ያንኑ አልቅሳችኋልና።

ሹመኛ በሞተ ቁጥር ሰው የሚከራከረው በልቷል ወይስ አገልግሏል እያለ ነው። ከትናንት ጀምሮ በዚሁ ድንኳን ስትከራከሩ ሰምቻለሁ። በልተዋል ያላችሁት ባሕር ዳር ያሠሩት ቤት እንዳለ ፈልጋችሁ ስላጣችሁ፣ እንግዲያው አገልጋይ ነበሩ ብላችሁ ተስማማችሁ። ወንድሜ ገንዘብ አልበሉም፤ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ ልጆቻቸው ይጠግቡ ነበር። ሕዝብም አላገለገሉም። እርሳቸው የሚወዱት ሲገቡ ሰው ብድግ ሲልላቸው ብቻ ነበር፤ ለዚህ ሲሉ ያደረጉትን ዛሬ ከአፈር በፊት እናገራለሁ።

በ2004 ዓ.ም. የዚህ መንደር አባወራ ሁሉ፣ ዛሬ እንግዶቻችን ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን ሰብስበው በተሻገሩት ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራልኝ ብሎ ገብሱንና ጤፉን ሸጦ ገንዘብ አዋጣ። በዚያው ሰሞን ከበላይ ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና፣ አቶ ጌጡ መዋጮውን ለድንኳን፣ ለሰንጋና ለካናቴራ አውለው እንግዶቹን ተቀበሉበት። እንግዶቹም የድልድዩን የመሠረት ድንጋይ አስቀምጠው፣ ተጨብጭቦላቸው ሄዱ። እናንተም የመንደሬ ሰዎች የመንግሥት ግብዣ ነው ተብላችሁ የራሳችሁን ድልድይ በላችሁ። ድልድዩ ለምን ቀረ ስትሉ በጀት አልተሟላም ተባላችሁ፤ አቶ ጌጡ ግን መስተንግዷቸው ስለተወደደ ወደ ዞን አደጉ።

በተከታዩ ነሐሴ የዚህችው መንደር ልጅ ደረጄ እህል አስፈጭቶ ሲመለስ ያው ወንዝ ወሰደው። ሚስቱ ብዙነሽ እነሆ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። አቶ ጌጡ ለቀብሩ መጥተው፣ ሰው ብድግ ብሎላቸው፣ ድልድዩ በሚመጣው ዓመት ዕቅድ ተይዟል የሚል ንግግር አድርገው ተመለሱ።

በ2013 ዓ.ም. ከሹመት ሲነሡ ስልካቸው ዝም አለ። ጉበታቸው ታሞ አልጋ ላይ በቆዩበት ዘመን ሁሉ፣ ዛሬ አበባ ከያዛችሁት አንዳችሁም ደጃቸውን አልረገጣችሁም። ያን ጊዜ ነው እኔን አስጠርተው የድልድዩ መዋጮ የት እንደገባ የደበቁትን የነገሩኝ፤ ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ «ጋሼ፣ ስሞት አያሳምሩኝ። ብዙነሽ ሳታውቅ እግዚአብሔር ይፍታህ ብትለኝ ምን ይረባኛል?» ሂድና ራስህ ንገራት አልኋቸው። ለትንሣኤ እሄዳለሁ አሉ፤ ትንሣኤ አለፈ። ለመስቀል አሉ፤ መስቀልም አለፈ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ የኖሩት ሰው ይህችን አንዲት ቃል መናገር አቅቷቸው፣ እንደ ሹመት ሥራቸው ሁሉ ለሌላ ሰው ጥለዋት ሄዱ። እጅግ አፍሬባቸዋለሁ፤ ወንድሜ ናቸውና አልቅሼላቸዋለሁም። ወይዘሮ ዘነበች ለልጆቹ ስም ብለው እንድተወው ለምነውኝ ነበር፤ ሠናይት ግን ይነበብ አለች፤ ስለዚህ አነበብሁት።

አቶ ጌጡ በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘነበችን፣ ልጆቻቸውን ሠናይትንና ፋሲካን፣ እኔንም ወንድማቸውን በሐዘን ትተውን ሄደዋል። ብዙነሽን ያለ ባል፣ ልጆቿን ያለ አባት ያስቀሩ እርሳቸው ናቸውና፣ እነርሱንም ከቤተሰቡ ጋር ቆጥሬ አነባቸዋለሁ።

የምሕረት አምላክ የወንድሜን ኃጢአት ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ እንዲያሳርፍልን እለምናለሁ። እኛ ቤተሰቡ አሜን እንላለን። ልጄ ብዙነሽ፣ አንቺ ግን ዝም ብትዪ ማንም አይቆጣሽም።