«ወረቀቴስ?» «ናጋ!»

አካም ዋሉ ጋሼ ሀሺ! ናጋ? ቤት ናጋ? ፍየሎቹስ ናጋ? … አይነሡ፣ በሞቴ አይነሡ! አፍዎንም አይክፈቱ። ያን ሁሉ ስፒል በከንፈርዎ ይዘው «ናጋ» ሊሉኝ ሲሉ አንዱን ቢውጡ ማን ያወጣልዎታል? እኔ እንደሆንኩ አሁን መጥረጊያ እንጂ ሌላ አልይዝም። በራስዎ ብቻ እሺ ይበሉኝ፣ ይበቃኛል።

ደመናውን አዩት ዛሬ? በየቀኑ በሊበን በኩል ይነሣል፣ ያጉረመርማል፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል፣ ከዚያ የለም። እኛ ባልዲ ደርድረን እንቀራለን። ለመሆኑ የት ሄዶ ነው የሚዘንበው? ይርጋለም ይሆን? … አንዳንዱ ነገር ይርጋለም ሲደርስ ነው አሉ የሚሆነው የሚሆነው።

እንዲያው የኔ ነገር፣ ያ ከሁለት ሳምንት በፊት ያመጣሁልዎት፣ ተቆረጠ? … ገና ነው? ተመስገን! ሥራ ስላዘገዩበት የሚያመሰግን ደንበኛ ገጥሞዎት አያውቅም፣ አይደል? ቆይ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ልቀመጥ።

ይሄ የስፌት መኪናው ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ግን ጋዋን ነው መሰለኝ? ሁለተኛው ነው? አንደኛውን ሰውየው ለብሶ እየለካ ነው? … እህ፣ ለካ መጋረጃው ኋላ ሰው አለ። ጫማው ይታየኛል። እንዴት ያለ ጫማ ነው እባክዎ! በነገሌ አቧራ ጫማውን እንዲህ አወልውሎ የሚሄድ ሰው መሬት የሚረግጥም አይመስለኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ሰውን በጫማ አልለይም። ማንም ይሁን፣ ተረጋግቶ ይለካ። ሰው ልኩን ሲያውቅ ደስ ይለኛል። አንዳንዱ እኮ ልኩን ሳያውቅ ያረጃል።

ጋዋኑን ሳይ አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን ተዉት፣ ሰው ማማት አልወድም። ደግሞም የማመሰግነው ሰው ነው።

እርስዎ ያውቁኛል። እዚያ ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት ቁስል ሳጥብ፣ መርፌ ስወጋ፣ የቦረናውን ቋንቋ ለሐኪም፣ የሐኪሙን ለቦረናው ሳስረዳ የኖርኩ ድሬሰር ነኝ። እርስዎም መርፌ ይዘው፣ እኔም መርፌ ይዤ፤ የርስዎ ጨርቅ ዝም ይላል፣ የኔው ሰው ይጮሃል፣ ልዩነታችን ያ ብቻ ነበር። ታዲያ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው ያ ሰው ከአዲስ አበባ ድሬሰር ሆኖ ተመድቦ የመጣልን። ሻንጣው ሁለት፣ ማበጠሪያው ሦስት። ወይ ንጽሕናው! ቁስል ሲያይ እንኳ እጁን ኪሱ ውስጥ ነው የሚያስገባው፣ እንዳይቆሽሽ።

ሰው አማኝነቱን ደግሞ ላጫውትዎት። በመጣ በሳምንቱ ዋቆ የሚባሉ ሽማግሌ እግራቸው አብጦ በቃሬዛ መጡ። አራት ሰው ተሸክሟቸው! ያ ሰው ሰላምታ ተምሯልና «ናጋ?»፣ ደህና ነዎት? አላቸው። «ናጋ» አሉት። እንግዲህ እርስዎም ስንቱን የሚለኩ ልብስ ሰፊ ነዎት፣ አገሩን ያውቁታል፤ ቦረና ሰላምታው ሳያልቅ ክፉ ነገር ከአፉ አይወጣም። ሰውየው ናጋ፣ ልጆቹ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ሁሉ ናጋ ከተባለ በኋላ ነው «እንግዲያው እግሬ ሊሞት ነው» የሚልዎት። ያ ሰው ግን እስከዚያ ምን አስቆመው? የሰው ቃል ያምናላ! ካርዱ ላይ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈላቸውና «ቀጥሎ!» አለ። … ቀጥሎ! እኔ ነኝ ከበር ሮጬ ቃሬዛውን ያስመለስኩት። አባ ዋቆ ዛሬም በሁለት እግራቸው ገበያ ይወጣሉ። እሱም ምስጋና ይግባው፣ ያን ቀን አልተቆጣኝም። «ለምን ቀድሞ አልነገረኝም?» ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ እንግዲህ ካቻምና ያ ደብዳቤ መጣ። በልምድም ይሁን በኮርስ የሚሠራ ድሬሰር ሁሉ ፈተና ተፈትኖ የሥራ ፈቃድ ያውጣ። ለፈተናው እስከ ሰኔ ሠላሳ ይርጋለም ይመዝገብ። ያልተመዘገበ አይፈተንም፤ ፈቃድ የሌለው መርፌ አይነካም። አለቀ። ያ ሰውም ከአዲስ አበባ ይምጣ እንጂ ፈቃዱ አልነበረውም።

አብረን አጠናን። እንዴት ያለ ጎበዝ ተማሪ መሰለዎት! ደብተሩን በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ ያሰምራል፤ እኔ በሽተኛውን አሳየዋለሁ። «እሳት ያቃጠለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?» እለዋለሁ። «ካርድ ይወጣለታል» ይለኛል። … አይሳቁ፣ ስፒሉን! «ደም የሚፈሰውስ?» እለዋለሁ። «አለቃ ይጠራል።» ቀስ በቀስ ግን ያዘው። መርፌ የሚወጋበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ሳሳየው ወዲያው ነው የገባው። «ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ነው» አልኩት። ያችን ትምህርት እስከ ዛሬ አልረሳትም፣ ይባረክ። ከኋላ መውጋት እንደሱ የሚያውቅበት አላየሁም።

ሰኔ ገባ። መመዝገቢያ ወረቀቴን ሞላሁ። ዲንኪቱ ጣዲቻ፣ ዕድሜ ይሄን ያህል፣ አገልግሎት ይሄን ያህል። በገበያ ቀን ፎቶ አንሺ መጣ፣ ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ራሱን ቀብሮ «አትንቀሳቀሺ» አለኝ፤ ጉርድ ፎቶዬ ዓይኔን አፍጥጬ ወጣ። አለቃችን ፈርመው ማኅተም መቱበት። ሰኔ አሥራ ሁለት። ልሄድ ስነሣ ኩፍኝ ገባ። ያን ሰሞን ያስታውሱታል፣ የርስዎም የልጅ ልጆች በየተራ ነበሩ። እናቶች ልጅ አዝለው ደጁን ሞልተውት ማንን ጥዬ ልሂድ? ያኔ ያ ደግ ሰው ምን አለኝ? «አንቺ በሽተኞችሽን ያዢ፣ እኔ ለራሴ ስሄድ ያንቺንም አስመዘግባለሁ፤ አንድ መንገድ አይደለም?» አለኝ። እንባዬ መጣ። ፖስታውን በጄ ሰጠሁት። መንገድ ላይ የሚበላውንም ቋጠርኩለት።

በአሥረኛው ቀን በእህል መኪና ተመለሰ። አቧራ ለብሷል፣ ያን ጫማ እንኳ … ማለቴ ጫማውም ቆሽሾ ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ ሮጥኩ። «ወረቀቴስ?» አልኩት። ፈገግ አለና፣ «ናጋ!» አለኝ።

ናጋ! ልክ እንደ አገሬው ሰው፣ ላላ አድርጎ፣ ከጉሮሮው። እኔ ሞኝዋ ምን ሆንኩ መሰለዎት? ደስ አለኝ! «እንዴት ያለ ቦረና ሆነልኝ» አልኩ። ጋሼ ሀሺ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ናጋ ሰላምታ እንጂ ወሬ እንዳልሆነ በእናቴ ጀርባ የተማርኩ ሰው፣ ወሬውን ከኋላው መጠበቅ አልነበረብኝም? ደግሞም ጠበቅሁ እኮ። አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ። የይርጋለምን ዝናብ ነገረኝ፣ የይርጋለምን ዳቦ ነገረኝ፣ ሻንጣውን አነሣና ቤቱ ገባ። እኔም ካርዴ ላይ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ አባ ዋቆን እንዳደረጋቸው እኔም ራሴን አደረግሁት።

መስከረም ላይ የተፈታኞቹ ስም ዝርዝር መጣ። የሱ አለ። የኔ የለም። ሦስቴ አነበብኩት። «ቢሮ ውስጥ ጠፍቶ ይሆናላ፤ የቢሮ ነገር መቼም» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። ትከሻ ላይ እጁ ቀላል ነው። ሄዶ ተፈተነ፣ አለፈ። ወሬውን ያመጣልኝም እሱ ራሱ ነው፤ «ስለ ቃጠሎ ጠይቀውኝ እንዳንቺ መለስኩ» አለኝ። ይሄን የሚያህል ምስጋና ከማን አገኛለሁ? ፈቃዱ ሲመጣ በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ ለኔም መጥረጊያ ተሰጠኝ። አሥራ አንድ ዓመት የወጋሁበት ክፍል ወለል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያወቅሁት ስጠርገው ነው። እናቶች «ዲንኪቱ ትውጋልን» ሲሉ ይሰማኛል፤ መጥረጊያዬን ይዤ በጓሮ እወጣለሁ። ተስፋ ስቆርጥ ነው ከሁለት ሳምንት በፊት ጋዋኔን ለርስዎ ያመጣሁት፣ «ሽርጥ አድርገው ይቁረጡልኝ» ብዬ። ወለል የሚያጥብ ሰው ጋዋን ምን ያደርግለታል?

አሁን የመጣሁበትን ልንገርዎት። ባለፈው ሐሙስ ያን መስታወት ስወለውል፣ ሚስማሩ ከጭቃው ግድግዳ ወለቀ። ወደቀ። መስታወቱ ስንጥቅ ብቻ ነው ያገኘው፣ አይደንግጡ … ምነው፣ መጋረጃው ኋላ የሆነ ነገር ወደቀ እንዴ? ስፒል ወግቶት ይሆናል፣ አይዞህ በሉት፤ አዲስ ልብስ መጀመሪያ ላይ ይወጋል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጀርባው ተከፈተ። ማቀፊያው ለፈቃዱ ሰፍቶት ኖሯል፤ እንዳይንገዋለል ከኋላው ወረቀት ታጥፎ ገብቶበታል። ዘረጋሁት። ዓይኔን አፍጥጬ ራሴን አየሁት። ዲንኪቱ ጣዲቻ። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሁሉም በቦታው። ይርጋለም ሄዶ ይመለስ ወይም ከሻንጣው ሳይወጣ ይቅር እሱ ያውቃል፤ ቢሮ ውስጥ ግን አልጠፋም። ለካ ያ ሁሉ ወራት ፈቃዱ ቀጥ ብሎ የቆመው እኔ ከኋላ ደግፌው ነው! የወደቀ ሰው ይረሳል ይላሉ፤ እኔን ግን ፎቶዬን ሳይቀር ግድግዳው ላይ አንጠልጥሎኝ ነበር። ይሄን የሚያህል ክብር!

አለቀስኩ ጋሼ ሀሺ። እውነቱን ልንገርዎት፣ መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ተነሥቼ መስታወቱን መልሼ ሰቀልኩት፤ የሰው ንብረት ነው። ወረቀቴን ብቻ ወሰድኩ። አሁን ነፋስ ሲገባ ፈቃዱ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። ደጋፊ የለውማ።

ለአለቃችን አሳየኋቸው። «በጊዜው ተፈርሞ ነበር» የሚል ደብዳቤ ጽፈው ሰጡኝ። ለቀሩ ሰዎች በጥር ሁለተኛ ፈተና አለ፣ ምዝገባው የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። ነገ ጎሕ ሲቀድ በአዶላ በኩል በሚወጣው መኪና እሄዳለሁ። በራሴ እግር፣ በራሴ እጅ። ይመዘግቡኝ አይመዘግቡኝ አላውቅም። ስለዚህ ያን ጋዋን አይቁረጡት። የክንዱን ስፌት ብቻ ይጠግኑልኝ፣ ማታ እወስደዋለሁ። ለሱ ጋዋን የገዙት ነጭ ክር ከተረፈ በሱው ይስፉልኝ፤ ቅር አይለውም፣ ከኔ የተረፈውን ሲጠቀም ኖሯል።

በሉ ልሂድ። ያን ሰው አንድ ቀን ካገኙት፣ ዲንኪቱ ቂም የላትም በሉልኝ። መርቃሃለች በሉት። ዕድሜውን ያርዝመው። ሁለቱንም ጋዋን በጤና ይልበሳቸው። ከነገሌ አይንቀለው፣ እዚሁ ይክበር፣ እዚሁ ይሸምግል። ሰው ነውና አንድ ቀን ሲያመው ደግሞ ባዕድ እጅ ላይ አይጣለው፤ ልክ እንደሱ ያለ ሐኪም አልጋው አጠገብ ይቁምለት። ልክ እንደሱ ንጹሕ፣ ልክ እንደሱ ባለ ፈቃድ፣ ልክ እንደሱ ሰው አማኝ። «እንዴት ነህ?» ብሎ በፈገግታ ይጠይቀው። እሱም አገሩን ለምዷልና እንደ ወጉ «ናጋ» ይበለው። … ያም አምኖት እንደዚያው ይጻፍለት።

አሜን ይበሉኝ ጋሼ ሀሺ። … ውይ፣ ስፒሉ አለ ለካ። ግድ የለም፤ አሜኑን ከመጋረጃው ኋላ ያለው እንግዳ ይበልልን።