በር ላይ የነበረው ሁሉ

«ግባ፣ ግባ ደርዬ። በሩን ብቻ ገርበብ አድርገው… አይ፣ ገርበብ አይበቃም፣ ዝጋው። ብርዱ ዛሬ ከእኛ ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስላል። ቁጭ በል እስቲ። መንገዱስ እንዴት ነበር? አያንሸራትትም?» አሉት እትዬ ባየሽ።

ደረሰ የጫማውን በረዶ አራግፎ ገባ። ፊሊፒንስን ታይፉን የሚሉት አውሎ ነፋስ መትቷት፣ የሲዋርድ ሰፈር ሐበሾች ኮሚኒቲ ለተጎዱት ልብስ ሲያሰባስብ ነበር የሰነበተው፤ ቫን ያለው ደግሞ ደረሰ ብቻ ነው። «ጭነቱን ለእኔ ተዉት» አለ። እውነቱን ለመናገር ፊሊፒንስ በየት በኩል እንደሆነች አያውቅም። የሚያውቀው ልብሱን የሚያሰባስቡት እትዬ ባየሽ የሚወዳት የዮሐና እናት መሆናቸውን ነው። ዮሐና «እማዬን ራስህ አናግራት» ካለችው ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ሊያናግራቸው ቆርጦ ነው የመጣው። የእርዳታ ድርጅቱ ሰዎች ደረቱ ላይ የለጠፉለት የምስጋና ወረቀት እንዳይላጥ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው።

«አየኸን ዛሬ እንዴት እንዳማረብን?» አሉ እትዬ ባየሽ። አበባ ያለበት የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንበዋል። «አቶ ሰረቀብርሃንን እያቸው እስቲ፣ መጋረጃው እንዴት እንደሄደላቸው። ሦስት ዓመት ሊቀመንበር ሲሆኑ እንደ ዛሬ ግርማ ሞገስ ኖሯቸው ያውቃል? … የአንተም ካፖርት ያምራል። እውነቴን ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው ካፖርት ያለህ አንተ ብቻ ነህ።»

ደረሰ ዞር ብሎ አየ። አርባ ሰው የሚሆን ያየዋል። ከዚያ ዓይኑ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ረጅም መስቀያ ሄደ። ባዶ ማንጠልጠያዎች ብቻ ይወዛወዛሉ። የኮሚኒቲው ጸሐፊ ሂሩት ጠዋት «በር ላይ ያለውን ሁሉ ጫን» ነበር ያለችው። እሱም በር ላይ የነበረውን ሁሉ ጫነ፤ ከረጢቱን፣ ካርቶኑን… ሰው ለስብሰባ ሲገባ አውልቆ የሰቀለውንም።

«አንድ ልጅ አለ አሉ» ቀጠሉ እትዬ ባየሽ። «ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ካወቅኸው ሰላም በልልኝ። እኛ እኮ ስስታሞች ነን፤ የነተበ ሹራብ፣ አንገቱ ያለቀ ሸሚዝ እየመረጥን ነው የምንሰጠው። እሱ ግን ሳይመርጥ፣ ሳያበላልጥ። ከራስ መስጠትማ ማንም ይሰጣል፤ የሰው አንስቶ መስጠት ነው ትልቅ ልብ የሚጠይቀው፣ አይደል? ደግሞስ ለማን? ዓመቱን ሙሉ በሙቀት ለሚቀቀል ሕዝብ። ፀሐዩ ሲበረታባቸው የእኔን ካፖርት ደረብ ያደርጋሉ… የዝይ ላባ አለበት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳል መሰል ነገር አሰማ።

«ቁልፉስ? የሁላችንም ቁልፍ ኪሳችን ውስጥ አልነበረ? ቤቱን ነፋስ የወሰደበት ሰውዬ እጁን ኪሱ ሲከት የሲዋርድ ቤት ቁልፍ ያገኛል። እንዲህ ያለ እርዳታ ማን አስቦ ያውቃል? አድራሻው ብቻ ነው የቀረው። … ልናመሰግነው ሂሩት ቢፐሩን ሰባት ጊዜ ጠራችው። አልመለሰም። በጎ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይታወካል?»

ደረሰ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን መጥሪያ ዳሰሰ። ሰባቱንም ጊዜ ኤደን ፕሬሪ ያለው የሥራ አለቃው ለትርፍ ሰዓት የሚፈልገው መስሎት ቁጥሩን እንኳ አላየም። ተመልሼ ላምጣው ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ወደ ፊሊፒንስ የሚሄደውን ኮንቴይነር በር በትከሻው ገፍቶ የዘጋው ራሱ ነበር፤ ሲታሸግም አጨብጭቧል።

«ሱዳን ካምፕ እያለን» አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «እርዳታ መጣ ተባለና ተሰለፍን። ለእኔ የደረሰኝ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ነበር። ግራው ብቻ። በዚያ አሸዋ ላይ። ይኼን ሁሉ ዓመት ‹ይህን የላከልኝ ቅዱስ ማን ይሆን?› እያልኩ ኖሬአለሁ። … ዛሬ ልቤ አረፈ። ዘሩ አልጠፋም።»

ከኩሽናው በር ላይ የሌላኛውን መስኮት መጋረጃ የተከናነበችው ዮሐና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ደረሰ ሌላ የሚያደርገው ቢጠፋው ካፖርቱን አውልቆ እትዬ ባየሽ ትከሻ ላይ ደረበ። የምስጋናው ወረቀት አብሮ ሄደ። እሳቸውም ሳያንገራግሩ እጃቸውን አስገቡ፣ እስከ አገጫቸው ቆለፉት፣ ወረቀቱን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና ፈገግ አሉ።

«አየሽ ዮሐና ደግነቱን? … ተባረክ ልጄ። ለትዳር ደርሰሃል፣ አይቼሃለሁ፤ ልትነግረኝ የመጣኸው ነገር እንዳለም ይገባኛል። እግዚአብሔር ልብህን አይቶ የምትሆንህን ሚስት ይስጥህ። መልከ መልካም፣ ጠባየ ሸጋ… ከዚያው ከፊሊፒንስ። ስታያት ትለያታለህ፣ የእኔን ካፖርት ለብሳለች። አሜን በል።»