ጥጋብና ሩጫ

አቶ ዳልጮ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሶዶ ከተማ አንድ የሚኮሩበት ሹመት ነበራቸው፤ የልጃቸውን የሰብለን ልጅ፣ አቤን፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሕፃናት ማቆያ ማድረስ። አቤ አራት ዓመት ሞልቶታል። መሬትን ግን ገና በቅጡ አያውቃትም። ከቤት እስከ ባጃጁ በአያቱ ጀርባ፣ ከባጃጁ እስከ ማቆያው በር ደግሞ እንደገና በአያቱ ጀርባ ነው።

አንድ ማለዳ አቶ ዳልጮ እያለከለኩ ከባጃጅ ሲወርዱ፣ የማቆያው ሞግዚት ብሩክታይት ለልጆቹ ምሳ ጎደሬ ገዝታ ስትመለስ በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ አባባ? ምነው፣ አቤን አሞታል እንዴ?»

«ጠላቱን ይመመው! ክብደቱን ባየሽ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው!» አሉ በኩራት። ልጁን አውርደው ከኮታቸው ኪስ ለስላሳና ብስኩት አወጡለት።

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ብሩክታይት አንገቷን ሰበር አድርጋ። «አቤ ምሳ አይበላልንም። ሆዱ በዚህ ተሞልቶ ይመጣና ቦሎቄውን ገፋ ያደርገዋል። ጓደኞቹ ኳስ ሲያሳድዱም ግድግዳ ተደግፎ ያያቸዋል።»

«ታዲያ ይሩጥ? ሩጫ እኮ ልጄ፣ ያጣ ሰው ሥራ ነው! ቦሎቄም እንደዚያው። ዕድሜ ልኬን የደከምኩት የልጅ ልጄ ጎደሬ እንዲበላ ነው?»

አቶ ዳልጮ ክፉ ሰው አይደሉም። በልጅነታቸው ብስኩት የሚያውቁት በሱቅ መስኮት ነበር። ያኔ ያጡትን ሁሉ አሁን በአንዲት ትንሽ ሆድ ውስጥ ሊከቱት ፈልገው ነው እንጂ።

«እርስዎስ በአቤ ዕድሜ ምን ይበሉ ነበር?»

«እኔማ ጎደሬ፣ ቦሎቄ፣ ሽፈራው የሚሉት የሀለኮ ቅጠል ከበቆሎ ጋር፣ ሲገኝ ወተት።»

«የትስ ይውሉ ነበር?»

«ዛፍ ላይ ነዋ! ካልሆነም ወንዝ ስንዘል።»

«አሁንስ ጤናዎ?»

«ተመስገን ነው! ጥርሴ እንኳ አንድም አልጎደለ።»

«ታዲያ አባባ፣ ያሳደግዎ ብስኩቱ ነው ጎደሬው?»

«ያ... ያ ድህነት ነበር» አሉ አቶ ዳልጮ።

ይህን እያሉ የጎረቤት ፍየል ከኋላ መጥታ ብስኩቱን ከአቤ እጅ ከነላስቲኩ መንጭቃ ፈረጠጠች።

«ሩጥ አቤ! ያዛት!»

አቤ ጥቂት ሮጥ ሮጥ አለና አቧራው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ደከመኝ፤ አንተ ሩጥልኝ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ሽማግሌው ኮታቸውን ጥለው ሮጡ። ባጃጁን ዞሩ፣ ሱቁን ዞሩ። ባለሱቁ ጀማለዲን ደንበኞቹን ትቶ ወጣ፤ ልጆቹም በአጥሩ ቀዳዳ «አባባ! አባባ!» እያሉ አጨበጨቡ። በመጨረሻ ፍየሏን በቀንዷ እየጎተቱ ተመለሱ። ብስኩቱ ግን አልቋል።

ሊስቁ ሲሉ ዓይናቸው አቤ ላይ አረፈ። ሕፃኑ ከወደቀበት ሳይነሳ፣ አጥር ውስጥ የሚዘልሉትን ልጆች እያየ ያለቅሳል። ፍየሏን ለቀቋት።

«ብሩክታይት ልጄ፣ ፍየሏን የያዛት ጎደሬ የበላው ነው።»

«እኔ እንዲያ አላልኩም አባባ።»

«አፍሽ አላለም፤ ፊትሽ ግን እየሳቀ ነው። በይ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?»

«በእግሩ ይምጣ። ሲደክመው ቆም ብላችሁ ታርፋላችሁ። ጠዋት እንቁላል ወይም ገንፎ በወተት ይብላ፤ ሲጠማው ውኃ ይጠጣ። ቦሎቄና ጎመን ጉልበት ይሆነዋል፤ አቮካዶውም ከጓሮ አይጠፋም። ሲጫወት አጥንቱ ይጠነክራል፣ ምግብ ይጥመዋል፣ እንቅልፉም ይሰምርለታል። ለስላሳው ግን ጥርሱን ከመብላት በቀር ምን ይሰጠዋል? ደግሞ አያስገድዱት፤ አብረውት ይብሉ፣ ያየውን ይበላል።»

የመጀመሪያው ሰሞን መከራ ነበር። አቤ በየድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ባለባጃጁም «አባባ፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?» እያለ ከኋላቸው ያዘግማል። እያደር ግን ልጁ ምሳውን ጨርሶ «ጨምሩልኝ» ማለት ጀመረ፤ ኳሱንም ከጓደኞቹ ጋር ያሳድድ ያዘ። አቶ ዳልጮም ሰባኪ ሆነው አረፉት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ልጅ ያዘለች እናት ባዩ ቁጥር «አውርጅው፣ እግር አለው!» ይላሉ፤ አንዷ ልጇ ገና አራስ መሆኑን ገልጣ እስክታሳያቸው ድረስ።

አንድ ቀን ሰብለ አመሻሽ ላይ ከቢሮ ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ሌላ ጊዜ አልተኛም እያለ የሚያስቸግራት ልጇና አያቱ ከማቆያ መልስ ግቢ ውስጥ ሲራገጡ ቆይተው፣ አቧራ እንደለበሱ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አያትየው ያንኮራፋሉ። ሰብለ በሳፋ ውኃ ቀድታ መጣችና፣ የማንን እግር ቀድማ እንደምታጥብ ግራ ገብቷት ቆመች።