ሁለተኛው ደረጃ

በደርግ ጊዜ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው አውቶቡስ፣ የድንች ጆንያዬን የኋላው በር ላይ አስደግፌ ተቀምጫለሁ። ጆሮዬ ሚስቴ ስትጠራኝ ይደነቁራል እንጂ የሰው ወሬ አያመልጠውም። ከፊቴ አንድ ጎልማሳና አንዲት አሮጊት ያወጋሉ።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ሽንዲ፤ የእናቴ አርባ ነው፣ እማማ።»

«እግዜር ያጥናህ። ብቻዋን ነበረች?»

«ብቻዋን። ፎቅ ስሠራ አንዱን ክፍል ለሷ ብዬ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ‹ፎቅ ሁለት መውጫ ደረጃ ከሌለው አይፈቀድም› አለኝ። ቦታዬ ጠባብ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ የሷን ክፍል በላው።»

«ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ደረጃ? እኛ ቆጥ የምንወጣው በአንድ መሰላል!»

«‹እሳት ቢነሳ በየት ልትወርዱ ነው?› አሉኝ።»

«እሱስ እውነት ነው። ታዲያ ትወርዱበታላችሁ?»

«የት ወርደን! ባለቤቴ የበቆሎ ጆንያ ደርድራበታለች። ከጆንያው ላይ ዶሮዎቹ ያድራሉ።»

«አዬ ልጄ! እናትህ ይህን አይታለች?»

«ለፋሲካ መጥታ አየች። ‹ዶሮ ብሆን ኖሮ እኔም ከናንተ ጋር አድር ነበር› ብላኝ ተመለሰች።»

እኔም የድንች ጆንያዬን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ከበሩ አራቅሁት።