የወይዘሮ ወለተማርያም ስውር ሕመም

ወይዘሮ ወለተማርያምን የጉለሌ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ፈትላቸው የቀጠነ፣ አንደበታቸው የታረመ፣ ጎረቤት ታመመ ሲባል ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ የሰውን ሕመም እንጂ የራሳቸውን አይናገሩም። ይህ ጉድለት የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ ማንም እንዳይስቅባቸው አደራ እላለሁ። አብዛኞቹ እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፤ ስንቶቹንም ቀብረናል።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነበር፣ ወሩም ኅዳር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ወለተማርያም ሳምንቱን ሙሉ የፈተሉትን ልቃቂት በዘንቢል ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው ሽሮ ሜዳ ወደ ሸማኔው ወደ አቶ ገበየሁ ቤት ወጡ። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ የሚወጡት ዳገት ያን ቀን አራት ጊዜ አስቀመጣቸው። ከቤቱ ሲደርሱ አቶ ገበየሁ አልነበሩም። የተቀበለቻቸው ልጃቸው ሰርኬ ናት። ሰርኬ በሸማኔ ቤት ተወልዳ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ በጤና ረዳትነት ሠልጥና በቀበሌው ክሊኒክ የምትሠራ ልጅ ነች። በዚያ ቅዳሜ ተረኛ አልነበረችም።

"አባባ ገበያ ወጥተዋል፣ እትዬ። ልቃቂቱን እኔ እቀበልዎታለሁ። አረፍ ይበሉ እንጂ!"

"ተባረኪ ልጄ። እ... ማለቴ፣ አባትሽ እራፊ ጨርቅ ያስቀምጡልኝ ነበር። ካለ ስጪኝና ልሂድ።"

ሰርኬ ወደ ጓዳ ገብታ ካረጀ ቡልኮና ከተበላሸ ሸማ የተቀደደ አንድ እስር ጨርቅ አወጣች። ግን አልሰጠቻቸውም፤ በእጇ እንደያዘች ቆመች።

"ይሄ ከመስቀል ወዲህ ሦስተኛዎ ነው። አባባ ምን ያደርጉበት ይሆን እያሉ ሲገረሙ ነበር።"

"የድስት መያዣ ነው የማደርገው።"

"ሦስት እስር ጨርቅ ለድስት መያዣ? የሠርግ ቤት ድስት ነው እንዴ የጣዱት?"

ወይዘሮ ወለተማርያም ሊስቁ ፈለጉ፤ ሳቁ ግን አልወጣ አላቸው። ሰርኬ ጠጋ ብላ እጃቸውን ያዘች፤ መዳፋቸው ነጭ ሆኗል። የዓይናቸውን ሥር ዝቅ አድርጋ አየች፤ ደም የሚባል አልነበረውም። በሩን ገርበብ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እትዬ፣ ደም እየፈሰሰዎት ነው አይደል?" አለች።

የወይዘሮዋ ፊት በአንድ ጊዜ ተለዋወጠ። ተነሥተው ዘንቢላቸውን ያዙ፤ መልሰውም አስቀመጡት። ሰባት ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸውን አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ለፊት ስትጠይቃቸው፣ ማፈራቸውንና ደስ መሰኘታቸውን ለይተው ማወቅ አልቻሉም።

"ልማዴ ነው የተመለሰው" አሉ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያዩ። "ከቆመ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ መጣ። ለአንዲት ባልንጀራዬ ብነግራት፣ 'ልጅነትሽ ታድሶ ነው፣ ሣራስ በስተርጅናዋ ወልዳ የለም ወይ' ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ልማድ ነው ብዬ ያልፋል እያልሁ እጠብቃለሁ። አያልፍም እንጂ።"

"ቤተ ክርስቲያንስ?"

"እንዴት ብዬ እገባለሁ ልጄ? በልማድ ላይ ያለች ሴት እንደማትገባ አታውቂም? ሰባት ወር ሩፋኤልን ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ነው የምሳለመው። ጠበሉንም ሰው እያስመጣሁ በጀሪካን ነው።" እንባቸው መጣ። "ያቺ ጎረቤቴ አፀደ ሴት ልጅ ወልዳ የክርስትና እናት እሆናለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻት ነበር። ክርስትናው ሃያ አምስት ቀን ቀረው። አልችልም አልኳት። ለምን ብትለኝ ምን ልበላት? ተቀየመችኝ፤ ሰላምታ እንኳ ትታኛለች።"

እዚህ ላይ አንባቢ የወይዘሮዋን ስሕተት ልብ ይበል። በሽታን ልማድ ብለው ስም ሰጡት። ስም ከሰጡት በኋላ ደግሞ የልማድን ሥርዓት ሁሉ ጠበቁለት፤ ከደጅ ቆሙ፣ ቆጠሩ፣ ታገሡ። ሥርዓት ማክበራቸው መልካም ነበር፤ ያከበሩት ግን ሥርዓት የማይገባውን ነገር ነው።

ሰርኬ በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ይስሙኝ። የሴት ልማድ በእድሜ ምክንያት ዓመት ሙሉ ከቀረ በቃ ቀረ፤ አይመለስም። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም አንዲት ጠብታ እንኳ ብትሆን ልማድ አይደለም፤ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው።"

"የምን ምልክት?"

"ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ የማኅፀን ገላ በእድሜ ስለሚሳሳ ይደማል። አንዳንዴ በማኅፀን አፍ ላይ ትንሽ ሥጋ ይበቅላል፤ ተቆርጦ ይወጣና ያበቃል። አንዳንዴ ደግሞ..."

"በይ ተናገሪው።"

"አንዳንዴ ካንሰር ይሆናል። የለም ብዬ አልዋሽዎትም። የትኛው እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው።"

"ማን ነው የሚያየው?" ወይዘሮዋ ቀና አሉ። "ወንድ ሐኪም? ነፍሱን ይማረውና ከባሌ ከመሸሻ በቀር ማንም ያላየውን ገላ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ጎረምሳ ፊት ልገልጥ? አንቺ ልጅ፣ ትናንት በአባትሽ የሽመና መወርወሪያ ስትጫወቺ የማውቅሽ ነሽ፤ ዛሬ እኔን ገመናዬን አደባባይ አውጪ ትይኛለሽ!"

ሰርኬ አልተቆጣችም። ክሊኒክ ውስጥ ይህን ቃል በየቀኑ ትሰማዋለች።

"ለአደባባይ አይደለም እትዬ። በር ተዘግቶ፣ አንሶላ ተሸፍነው፣ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነው። ሥራው ጸሎተ ሃይማኖትን አንድ ጊዜ ከመድገም ብዙ አይረዝምም። የሆስፒታሉ ሐኪም በቀን ሠላሳ ሴት ያያል፤ የእርስዎን መልክ ወጥተው ሳይጨርሱ ይረሳዋል።"

"መድኃኒቱ ከእግዚአብሔር ነው" አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። መሠረተ ትምህርት ገብተው ማንበብ ከተማሩ ወዲህ ወንጌሉን ራሳቸው ያነቡታልና በዚህ በኩል የሚረታቸው አልነበረም። "ያቺ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት ስንት ባለመድኃኒት ዘንድ ዞራ ምን አተረፈች? ከስቃይ በቀር! የዳነችው የጌታን ልብስ ነክታ ነው። በይ መልሺ!"

ሰርኬ ፈገግ አለች። "ይረቱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን እርስዎ ራስዎ መልሱን ሰጡኝ። እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መዳኛ ስትፈልግ ኖረች እንጂ መቼ ደበቀችው? ደግሞስ ከአጥር ውጭ ቆማ አለቀሰች ወይ? ሕዝቡን ተጋፍታ ገባች እንጂ! ጌታም አላሳፈራትም፤ በሰው ሁሉ ፊት ልጄ ብሎ አናገራት። ወንጌሉን ከጻፉልን አንዱ ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም? ጠበሉን አይተዉ፤ ማንም ተዉ አላለዎትም። በጠበሉ ላይ ምርመራውን ይጨምሩ ነው የምለው።"

ወይዘሮዋ አልተረቱም። ከሩቅ እንደሚመጣ በሚመስል ድምፅ፣

"ንግሥት የምትባል እኅት ነበረችኝ" አሉ። "ታላቄ ናት፣ ሰላሌ ነበረች። እንዲሁ እንደኔ ጀመራት። ለሰው እንዳትናገሪ ብላ አስማለችኝ፤ ጨርቋን ሌሊት እየወረድሁ ወንዝ አጥብላት ነበር። በኋላ ሽታ መጣ። እርግማን ነው ተባለ፤ ባሏ ከቤት አስወጥቶ ጎጆ ቀለሰላት። እዚያው ሞተች። እኔ አውቅ ነበር ሰርኬ፤ አውቄ ዝም አልሁ።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "የምፈራው ወንዱን ሐኪም አይደለም። የሷ ነው ቢለኝስ? ሳላውቀው ብኖር የሌለ ይመስለኛል።"

የሰርኬም ዓይን እንባ አቀረረ። ሐኪም ቤት የተማረችው ቃል ሁሉ ለዚህ የሚበቃ አልመሰላትም። ስለዚህ ያልተማረችውን ተናገረች።

"እትዬ፣ ንግሥት ያን ጊዜ 'ንገሪልኝ' ብትልዎት ኖሮ ይናገሩላት ነበር?"

"በጩኸት! በጀርባዬ አዝዬ ፍቼ ድረስ እወስዳት ነበር!"

"እንግዲያስ ለራስዎም እንደ እኅት ይሁኑ። እርስዎን ያስማለዎት የለም።"

ከውጭ ከጎረቤት ቤት የሸማኔ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ወለተማርያም ልቃቂቱን ከዘንቢል አውጥተው ለሰርኬ አቀበሏት።

"ሰኞ ሐኪም ቤት ይዘሽኝ ትሄጃለሽ?" አሉ በመጨረሻ።

"ሰኞ። አብረን።"

*

ሰኞ ትልቁ ሆስፒታል ሄዱ። በአግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው አንዲት ሴት ተኝታ ነበር፤ እድሜዋ የእሳቸውን ያህል ነው። ልጇ በነጠላ ይሸፍናታል፤ ሰው ግን ከሽታው የተነሣ ራቅ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ወይዘሮ ወለተማርያም ሽታውን አወቁት። አልራቁም፤ ጠጋ ብለው የሴትዮዋን እግር በእጃቸው ያዙ። ልጁም፣ "ሁለት ዓመት ደብቃው ኖራ ባለፈው ወር ነው የነገረችን" አላቸው። ስማቸው እስኪጠራ እዚያው ተቀመጡ።

ሐኪሙ በእርግጥ ጎረምሳ ነበር፤ ግን "እናቴ" እያለ ነው ያናገራቸው፤ የሚያደርገውንም አንድ በአንድ አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር። ከማኅፀን አፋቸው ላይ የበቀለች፣ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ሥጋ አገኘ። አወጣትና ከማኅፀናቸውም ጥቂት ጠርጎ ሁሉንም ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ለጠፋው ደማቸው የብረት ኪኒን ሰጣቸው። ከዚያም ሁለት ሳምንት ጠብቁ ተባለ።

ያ ሁለት ሳምንት ከሰባቱ ወር የከበደ ነበር። ወይዘሮዋ ፈትል እንኳ አልያዝ አላቸው። ሰርኬ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ብቅ እያለች ታጫውታቸው ጀመር። ለጨዋታ ብላም ብዙ ነገር አስተማረቻቸው። ሽታና ማሳከክ የሌለው ነጣ ያለ ፈሳሽ ጤና መሆኑን፣ የሚሸትና የሚያሳክክ ፈሳሽ ግን መድኃኒት ያለው በሽታ እንጂ ነውር እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ከባል ጋር ተገናኝተው የሚታይ ደም መመርመር እንዳለበት፣ ለወር አበባም የሚያዝ ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ ጥላ ሥር ተደብቆ ሳይሆን ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት ነገረቻቸው። "ፀሐይ ላይ? ሰው እያየው?" አሉ ወይዘሮዋ። "ሸማኔ ቤት ጨርቅ የሚሰጣው የት ነው?" አለች ሰርኬ፤ ተሳሳቁ።

ውጤቱ መጣ። ክፉ ነገር የለበትም፤ ደሙም ያቺ ሥጋ ከወጣች ወዲህ ቆሟል። ወይዘሮ ወለተማርያም ወረቀቱን ተቀብለው ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ፈረንጅኛ ስለነበር አንዱም አልገባቸውም፤ ሆኖም ሳሙት። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ስለ ንግሥት ማልቀስ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ውጤቱ ሌላም ሊሆን ይችል ነበር። ሌላ ቢሆን ኖሮም በሰባተኛው ወር መገኘቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመገኘቱ ይሻል ነበር፤ በጊዜ የተገኘውን የሐኪም ቢላዋ ይደርስበታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለቁስልና ለራስ ምታት ብቻ አይደለም። የሴት ማኅፀንም እንደ ዓይኗና እንደ ጥርሷ ይታመማል፤ እንደ ዓይኗና እንደ ጥርሷም ይታከማል።

*

በሰማንያኛው ቀን የአፀደ ሕፃን በሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣች። የክርስትና እናቷ፣ ከአፀደ ጋር ታርቀው፣ ወይዘሮ ወለተማርያም ናቸው። ከሰባት ወር በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ ሲረግጡ ልጅቷን አጥብቀው ያዙ።

ሥርዓቱ አልቆ ከግቢው ዛፍ ሥር ሲያርፉ አፀደ፣ "እንግዲህ ቀድሞ ለምን እምቢ እንዳሉኝ ይንገሩኝ" አለቻቸው። ሁሉንም ነገሯት፣ ከጨርቁ እስከ ወረቀቱ።

አፀደ ሰምታ ስትጨርስ አንገቷን ደፋች። ልጅቷን አስተካክላ ታቀፈች፤ አስተካክላ ስታበቃ እንደገና አስተካከለች።

"ምነው?"

"እኔም... ከወለድሁ ወዲህ የሚሸት ነገር አለብኝ። ሆዴን ከሥር ይቆርጠኛል፣ አንዳንድ ማታ ያተኩሰኛል። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። ባለቤቴ እንዳይሸተው ብዬ ወለል ላይ ነው የምተኛው።"

"ሰማንያ ቀን?"

"ሰማንያ ቀን።"

"ተነሺ። ሰርኬ ዛሬ ተረኛ ናት፣ አሁን ነው የምንሄደው።"

"በክርስትናው ቀን? እንግዳው ቤት ይጠብቃል። ደግሞ ሁለታችን ክሊኒክ ስንገባ ሰው ቢያየን፣ የት ትሄዳላችሁ ቢለንስ?"

ወይዘሮ ወለተማርያም ልጅቷን ከእቅፏ ተቀብለው ብድግ አሉ። በሕይወታቸው ሙሉ "እዚያ ላይ" እና "የሴት ነገር" እያሉ የሚያልፉትን ቃል፣ በግቢው መሐል፣ በሙሉ ድምፃቸው አወጡት።

"ማኅፀናችንን ልንታይ ነው እለዋለሁ!"

በአጠገባቸው ያልፉ የነበሩ ሦስት ሴቶች ደንግጠው ዞሩ። ሁለቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሦስተኛዋ እዚያው ቆመች፤ ጥቂት አመነታችና ወደ እነሱ መጣች።